አራተኛው ፈረቃ

የምርመራ ክፍሌ ጠባብ ናት፣ ግድግዳዋ ስፖንጅ፣
በሯ ሲዘጋ ሰድበሪ የምትቀር ከደጅ።
ኦሬስት ህሪንኮ ገባ፤ ስልሳ ስምንት ዓመቱ፣
ቆቡን አስቀመጠ ከግራ ጉልበቱ።
"ፉጨት ስትሰማ ቁልፉን ተጫን" አልኩት።
ተጫነ፣ ተጫነ፣ ቆመ። በእርሳስ ተከተልኩት፤
ወፍራሙ ድምፅ ደህና ነው፤ መስመሩ ሜዳ ሜዳውን ሄደ፣
አራት ሺህ ላይ ሲደርስ ገደል ውስጥ ወረደ።

ቅጹ ይጠይቃል፦ "ጆሮውን የጎዳው ሥራው ነው ወይስ ሌላ?"
ሠላሳ አንድ ዓመት ከመሬት በታች፣ ከመሰርሰሪያው ኋላ
የቆመ ሰው ነው፤ ብዕሬ "ሥራ" ላይ ሊያርፍ ሲል
እጄን ያዘኝና "ግማሹን" አለኝ፣ "ለሌላው አካፍል።"

"ሌላው ምንድን ነው?"
"ባንድ።"

አድማው የበረታ ክረምት ነው። ምድጃው ቀዝቅዞ፣
ጭስ ማውጫው ያለ ጭሱ ተገትሮ፣ ደንዝዞ፣
ሌሊት ከኮረብታው እንደ እሳት ጎርፍ የሚወርደው ዝቃጭ
ቀርቶ፣ ሰማዩ ጠቁሮ፤ በየቤቱ ቀን ቆጣሪ፣ ተቀማጭ።
ሥራ የፈታ እጅ ያሳክካል፣ ምታ ምታ ይላል፤
የአባቱ ጋራዥ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል።
ሬዮ ጊታሩን ይዞ መጣ ከማድቀቂያው ክፍል፣
ዴሊዮ ሚስቱ ሳታውቅ ቤዝ ገዛ በዱቤ፣ ሊከፍል
በሚቀጥለው ደሞዝ፤ መቼ እንደሚቀጥል ባይታወቅም።
ሉሲየን ድምፅ አለው፤ ከፈረንሳይኛ መዝሙር በቀር አያውቅም።

"ጩኸት ብቻ ነበርን" አለ፤ "ጎረቤት ፖሊስ የሚጠራብን፤
የሬዮ እህት ማርያታ አንድ ማታ መጣችብን፣
የሉተራኖቹን ኦርጋን የምትጫወት፣ ኮስታራ፣
ጓንቷን ሳታወልቅ ሰማችን ቆማ ከበሩ ጋራ፤
'ድንጋዩንስ ፈነቀላችሁት' አለች፤
'ማዕድኑን የት አደረጋችሁት?'"
ከዚያ ወዲያ ጊታሩ ሲያገሳ እንኳ
ሰው እያፏጨ ቤቱ የሚወስደው ዜማ ነበረው።
ስሙን ያወጣው ዴሊዮ ነው፤ ማዕድን ማውጫው ሦስት ፈረቃ አለው፣
ቀን፣ ምሽት፣ ሌሊት። "እኛ አራተኛው ነን፤ ማንም የማይከፍለው።"

አድማው አለቀ፤ ምድጃው ነደደ፤ እነሱ ግን አልቆሙም፣
ከጉድጓድ ወጥተው፣ አንገታቸውን ታጥበው፣ አይተኙም።
በሆኪ አዳራሽ፣ በሠርግ፣ አንዴም በለቅሶ ቤት
(ሟቹ ተናዞ ነው፤ ቄሱ ግን አልወደዱት)።
አምስት መቶ ካሴት አሳተሙ፤ ሁለት መቶው ተሸጠ፤
አንዱ በቶሮንቶ ራዲዮ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፣ ተደመጠ።
"አንዴ" አለ ኦሬስት። ጣቱን ቀሰረ።
ጣቱ አየር ላይ ቆየ፣ ቃሉ ካለቀ በኋላም ነበረ።

ኩባንያው ጠራቸው። ቫኗ ፓሪ ሳውንድ አጠገብ
በረዶ ውስጥ ሞተች። ሌሊቱ ጥልቅ፣ መንገዱ ጠባብ።
ከባድ መኪና ቆመ። "ቦታ ያለኝ ላንድ ሰው ነው" አለ ነጂው።
"ሂድ" አልነው ሉሲየንን። ማንም አልገፋንም፤ እኛው ነን ያልነው።
ሄደ።
ከሁለት ዓመት በኋላ በቴሌቪዥን ሰማነው፣
ለጥርስ ሳሙና ሲዘፍን። "ያቺን የላይኛዋን ኖታ" አለ፣
"የአባቴ ጋራዥ ውስጥ ነው ያገኛት። አወቅናት። ዝም አልነው።"

መሣሪያውን በጆሮው አስገባሁ፣ ሽቦውን አስተካከልኩ፤
ከኪሱ ካሴት አወጣ። አሮጌውን ማጫወቻ ከመጋዘን ፈለግኩ።
ጊታር። ከበሮ። ዴሊዮ፣ ነፍሱን ይማር፣ ከሥር ከሥሩ፤
ድንገት እጁን አነሳ፤ ተቆጣ መሰለኝ፤ ተንቀጠቀጠ ከንፈሩ።
"ያ ከላይ የሚሄደው ምንድን ነው? እንደ ቀጭን ውሃ?"
ኦርጋን ነው፣ አልኩት።
"ማርያታ?"
ሃያ ዓመት ከኋላዋ ተቀምጬ፣ ይህን አልሰማሁም" አለ፤
"ከበሮዬ ሸፍኗት። እሷ ግን ነበረች። ሁሌም ነበረች ለካ።"

ቅጹን ሞላሁ፤ "ሥራ" አልኩ፤ ግማሽ የሚሉት ሳጥን የለውም።
ዝቅ ብሎ "ፈረቃ" ይላል። "አራተኛ" ጻፍኩ። አልሰረዝኩትም።
ሐሙስ ከካሳ ቢሮ ደወለች አንዲት ጨዋ ሴት፦
"ይቅርታ፣ ማዕድን ማውጫው ያለው ሦስት ፈረቃ ነው፤ ይህ ስህተት..."
"ጊዜ አለሽ?" አልኳት።